ንዳው፦ ራሱን የቻለ ቋንቋ ወይስ የሾና ቀበሌኛ?

መንገደኛው ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ሀገራችን ቋንቋዎች ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ከሩቅ ሀገር ይዤው የተመለስሁትንና እስከ አሁን ከልቤ ያልወጣውን ነገር ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በማርች 2019 አጋማሽ ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን የወደብ ከተማ ቤይራን መታ። የቡዚ ወንዝ ሞልቶ መንደሮችን ዋጠ። ነፋሱና ዝናቡ ድንበር ተሻግሮ በዚምባብዌ በኩል ቺማኒማኒንና ቺፒንጌን አፈራረሰ። እኔ ከአንድ ወር በኋላ የአንድ የእርዳታ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ቤይራ ገባሁ። ዱቄትና ድንኳን ከሚያወርዱልን ሠራተኞች መካከል ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ የቡዚ ልጅ ነው፤ ሌላው ከዚምባብዌ፣ ከቺፒንጌ ለሥራ የመጣ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ እየተቀባበሉ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይከራከራሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የቡዚው «ንዳው» አለ። የቺፒንጌው በዚያው ቅጽበት «ሾና» አለ፤ የዚምባብዌን ትልቁን ቋንቋ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው ተያዩ።

የቺፒንጌው ልጅ በኋላ ብቻዬን ሲያገኘኝ ነገሩን አስረዳኝ። ቤታቸው የሚነገረው ንዳው ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ቋንቋህ ሾና ነው ተባለ። በድርሰት ደብተሩ ላይ አያቱ የሚናገሯቸውን ቃላት ሲጽፍ መምህሩ በቀይ ቀለም ይሰርዙበት ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንም ሲጠይቀው «ሾና» ማለት ለመደ። ለቡዚው ጓደኛው ይህ ጨርሶ እንግዳ ነገር ነው። በሞዛምቢክ በሕዝብ ቆጠራም ሆነ በሬዲዮ ንዳው በስሙ ንዳው ተብሎ ይጠራል፤ ሾና ነህ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም።

ሌላም ያየሁት አለ። በመጀመሪያው ሰሞን ለተፈናቃዮች ማስታወቂያ የሚነገረው በፖርቱጋልኛ ነበር። አንዲት አረጋዊት እናት የታደላቸውን የውኃ ማከሚያ ጠርሙስ ለልብስ ማጠቢያ ሲያፈሱት አየሁ። ማንም በሚገባቸው ቋንቋ አልነገራቸውም። ያ የቺፒንጌ ልጅ ቁጭ ብሎ በራሳቸው አነጋገር ሲያስረዳቸው ፊታቸው በራ፤ «ንዳቦንጋ» አሉት፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ትምህርት ቤት በቀይ ቀለም የተሰረዘበት አነጋገር በዚያች ቀን ለእኚያ እናት ንጹሕ ውኃ ሆነላቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የእነዚህ ሁለት ልጆች ቋንቋ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ሁለት ነው። ይህን ያደረገው ማነው?

—

የልሳን መምህር ጻፈ፦

ወንድም መንገደኛው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የማስተምረውም የዚህ ዘርፍ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ካርታ ባይኖረንም በቃል ልሣለው። የንዳው ተናጋሪዎች ምድር በዚምባብዌ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ በማኒካላንድ ክፍለ ሀገር ካሉት ከቺፒንጌና ከቺማኒማኒ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እየወረደ ይሄዳል። በሞዛምቢክ ውስጥ ሙሱሪዜን፣ ማቻዜን፣ ቺባባቫን፣ ቡዚንና ማቻንጋን ይዞ የሳቬ ወንዝ ከባሕር እስከሚገናኝበት ይደርሳል። ደገኛው ሻይ የሚያመርት ገበሬ ነው፤ ቆላው ከብትና ማሽላ አለው፤ የባሕሩ ዳር ዓሣ አጥማጅ ነው። ቋንቋውን «ቺንዳው» ይሉታል፤ «ቺ» ቋንቋን የሚያመለክት ቅድመ ቅጥያ ነው። ሕዝቡ «ቫንዳው» ነው። ንዳውን በሚጨምሩት በባንቱ ቋንቋዎች እንዲህ ያለው ቅድመ ቅጥያ የስሙን ወገን ይነግረናል፤ ቅጽሉንና ግሱንም ተከትሎ ያስማማል።

አሁን ወደ ቀይ ቀለሙ ልምጣ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቡብ ሮዴሺያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ እያንዳንዱ ሚስዮን በየአካባቢው አነጋገር መጽሐፍ ያትም ነበር። አሜሪካኖቹ ከ1893 ጀምሮ በማውንት ሰሊንዳ ተቀምጠው በንዳው ይጽፋሉ። አንግሊካኖቹ በፔንሃሎንጋ በማኒካ፣ ካቶሊኮቹ በቺሻዋሻ በዘዙሩ፣ የደች ተሐድሶዎቹ በሞርገንስተር በካራንጋ ይጽፋሉ። መንግሥት ይህ ሁሉ አንድ እንዲሆን ፈለገና ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ክሌመንት ዶክ የተባለውን ሊቅ ጋበዘ። እርሱም ሀገሩን ዞሮ አጥንቶ በ1931 ዘገባውን አቀረበ። በዚያ ዘገባ ዘዙሩ፣ ካራንጋ፣ ኮሬኮሬ፣ ማኒካና ንዳው «ሾና» በሚል አንድ ስም ሥር ገቡ። የጽሑፍ ቋንቋው ሰዋስው ግን በዘዙሩና በካራንጋ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። የንዳው ቃላት ወደ መዝገበ ቃላቱ መግባት ይችላሉ ተብሎ ነበር፤ በተግባር የገባው ጥቂት ነው። የልጁ መምህር በቀይ ቀለም ሲሰርዙ የሠሩት በዚያ ውሳኔ ነው።

ዶክን ግን አልወቅሰውም። ጆሮው እጅግ ስል ነበር። በንዳው ውስጥ አምስት ቀበሌኛዎችን ለይቷል፦ ንዳው ራሱ፣ ቶንጋ፣ ጋርዌ፣ ዳንዳና ሻንጋ። በኋላ ማልኮም ጋትሪ የባንቱን ቋንቋዎች በቁጥር ሲመድብ ለሾና ቡድን የ«ኤስ 10»ን መደብ ሰጠ፤ ንዳውም በውስጡ «ኤስ 15» ሆነ። ማለትም ዝምድናው የማይካድ ነው። የሚያከራክረው የዝምድናው ደረጃ ነው።

—

ሚዛን ጻፈ፦

መምህር፣ ስላብራሩልን እናመሰግናለን። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሁለት ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ከተግባቡ ቋንቋቸው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የሐራሬ ሰውና የቺፒንጌ ሰው ይግባባሉ ይባላል። እንግዲያውስ ለምን እንለያቸዋለን? አንድ ድሀ ሀገር ለእያንዳንዱ ሸለቆ መማሪያ መጽሐፍ እያተመ መዝለቅ አይችልም። የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እኛም አገር ሰባት ቤት ጉራጌ ውስጥ ይኸው ክርክር አለ።

—

የልሳን መምህር ጻፈ፦

ሚዛን፣ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ጥፋት ነው አላልኩም። «ይግባባሉ» የሚለው ቃል ግን ሲመረመር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

መግባባት ሁልጊዜ ከሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። የቺፒንጌ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሾና ይማራል፣ በሬዲዮ ይሰማዋል፣ በሾና ይፈተናል። ስለዚህ ሐራሬ ቢሄድ ይገባዋል። የሐራሬ ልጅ ደግሞ ንዳውን የሚሰማበት ምንም አጋጣሚ የለውም፤ ቺፒንጌ ገበያ ብታወርደው ሁለት አሮጊቶች የሚያወሩትን ለመከታተል ይቸገራል። ይህንን «እርስ በርስ መግባባት» ብለን ከመዘገብን የትምህርት ቤቱን ድካም ለቋንቋው ዝምድና ቆጠርነው ማለት ነው። እውነተኛው መለኪያ ሾና ተምሮ የማያውቅ የማቻዜ ገበሬና ንዳው ሰምቶ የማያውቅ የሐራሬ ሰው ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው።

በድምፁም ልዩነት አለ። ንዳው ከዙሉ ዘመዶች ከንጉኒ ቋንቋዎች የወሰዳቸው የጠቅታ ድምፆች አሉት፤ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማው ማለቴ ነው። በትንፋሽ የሚገፉ ተነባቢዎችም አሉት። ከሾናዎቹ ጋር የሚጋራው ደግሞ ወደ ውስጥ የሚሳበውን ብ እና ድ ነው፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ዸን ያስብና ይደርስበታል። መንገደኛው የሰማው «ንዳቦንጋ» ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ሐራሬ ውስጥ ምስጋና «ንዳቴንዳ» ወይም «ማይታ» ነው። «ቦንጋ» የንጉኒዎቹ ቃል ነው፤ ዙሉው «ንጊያቦንጋ» ይላል።

—

አዲስ አንባቢ ጻፈ፦

ይቅርታ፣ ንጉኒዎች እዚያ ምን አመጣቸው? ዙሉ ደቡብ አፍሪካ አይደለም እንዴ?

—

ብራና ጻፈ፦

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ የታሪኩ ልብ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም።

በ1820ዎቹ ሻካ የዙሉን መንግሥት ሲያጠናክር የተሸነፉት የጦር አለቆች ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸሹ። ከእነርሱ አንዱ ሶሻንጋኔ ነበር። ዛሬ ደቡብ ሞዛምቢክ በምንለው ምድር የጋዛን መንግሥት መሠረተ። ልጁ ሙዚላ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ንዳው ምድር፣ ወደ ሙሱሪዜ ደጋ አዛወረ። ከእርሱ በኋላ በ1884 የነገሠው ንጉንጉንያኔም እስከ 1889 እዚያው ተቀመጠ። አስቡት፤ የአንድ ጦረኛ መንግሥት ቤተ መንግሥት አንድ ትውልድ ያህል በመካከላችሁ ሲቀመጥ ልጆቻችሁ ለጦርነት ይመለመላሉ፣ ሴቶች ልጆች ይወሰዳሉ፣ ወንዶቹ እንደ ገዢዎቹ ጆሯቸውን ይበሳሉ። ቋንቋም አብሮ ይቀየራል። ዛሬ ቺፒንጌ ውስጥ የምትሰሟቸው የቤተሰብ ስሞች የዚያ ዘመን ማኅተም ናቸው። ምላምቦ ወንዝ ማለት ነው፤ ምህላንጋ ሸምበቆ ነው፤ ዱቤ የሜዳ አህያ ነው። ሁሉም በንጉኒ ቋንቋ። ብዙዎቹ የድሮ የነገድ መጠሪያዎች ሲሆኑ የገዢውን ልብስ ለብሰው ቀሩ።

«ንዳው» የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ሰዎቹ ለእንግዳ ሰላምታና አክብሮት ሲያቀርቡ «ንዳውዌ፣ ንዳውዌ» ይሉ ነበርና ጋዛዎቹ በዚያው ጠሯቸው ይባላል። ይህ በአፍ የቆየ ወሬ ነው፤ እንደ ወሬነቱ ያዙልኝ።

የቀበሌኛዎቹ ስም ግን ከጋዛም በፊት የነበረ ነው። መምህሩ «ዳንዳ» ያሉትን ስሰማ ልቤ ዘለለ! የፖርቱጋል ጸሐፊዎች ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሶፋላ ጀርባ ስላሉ መንግሥታት ሲጽፉ «ሴዳንዳ» የሚሉት ንጉሥ አለ፤ የዳንዳ ገዢ ማለት ነው። ፖርቱጋሎች በ1505 ሶፋላ ላይ ምሽግ የሠሩት የወርቁን ንግድ ለመያዝ ነው፤ ወርቁም በእነዚህ መንግሥታት በኩል ያልፍ ነበር። እንግዲህ ቋንቋ አጥኚው «ቀበሌኛ» ብሎ የመዘገበው ስም አንድ ጊዜ የመንግሥት ስም ነበር። በዚያ ሀገር የኖረ ጆአው ዶስ ሳንቶስ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ ያየውን ጽፎ በ1609 ያሳተመውን መጽሐፍ «ምሥራቃዊት ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። በዚያ ዘመን አውሮጳውያን መላውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በእኛ ስም ይጠሩት ነበርና፣ የሶፋላ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ «ኢትዮጵያውያን» ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1891 እንግሊዝና ፖርቱጋል ስምምነት ፈርመው መስመር አሰመሩ። መስመሩ የንዳውን ደጋ ከንዳው ቆላ ለየ። በዲሴምበር 1895 ፖርቱጋሎች ንጉንጉንያኔን ቻይሚቴ ላይ ማርከው ወሰዱት፤ በአዞሬስ ደሴቶች በግዞት ሞተ። የመንገደኛው ሁለት ጓደኛሞች በዚያ መስመር ግራና ቀኝ የተወለዱ ናቸው።

—

ባለሱቁ ከጆሃንስበርግ ጻፈ፦

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ግን ይህን ሳነብ አላስቻለኝም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ወደ ደቡብ ስንወርድ በሞዛምቢክ ነው ያለፍነው። ከቤይራ ወዲህ አንድ መንደር ዳር ሁለት ሌሊት አድረናል። ቋንቋ አንችልም፤ እነርሱም ፈርተውናል። አንዲት ሴት ግን ገንፎ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣችና በሁለት እጇ እያጨበጨበች በጉልበቷ ዝቅ ብላ ሰጠችን። ለስደተኛ እንዲህ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም። የምን ሕዝብ እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ መምህሩ በቃል የሣሉትን ካርታ ሳየው እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እዚህ ጆሃንስበርግ ከሞዛምቢክ የመጣውን ሁሉ ሰዎች «ሻንጋን» ይሉታል። መምህር፣ እርስዎ ከቀበሌኛዎቹ አንዱ «ሻንጋ» ነው ብለዋል። እንግዲህ ሻንጋን ማለት ንዳው ነው ማለት ነው?

—

የልሳን መምህር ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ያልሰጠህን መንገዱ ሰጥቶሃል። ያ ማጨብጨብ በዚያ ሁሉ አካባቢ የአክብሮት ሰላምታ ነው።

ስለ ስሙ፦ አይደለም፤ ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሻንጋን» ወይም «ቻንጋና» የሚባለው ቋንቋ የጾንጋ ቡድን ነው፤ ከሳቬ ወንዝ ደቡብ በጋዛ ክፍለ ሀገር፣ በማፑቶና በደቡብ አፍሪካ ይነገራል። ስሙን ያገኘው ብራና ከነገረን ከሶሻንጋኔ ነው። «ሻንጋ» ግን ከሳቬ ሰሜን በማቻንጋና በቡዚ ባሕር ዳር የሚነገረው የንዳው ቀበሌኛ ነው፤ «ማቻንጋ» የሚለው የቦታ ስም ራሱ ከዚያው ነው። የዚምባብዌ ሕገ መንግሥትም ሁለቱን ለይቶ ጽፏል። በ2013 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በስድስተኛው አንቀጽ 16 ቋንቋዎችን በይፋ ሲያውቅ ንዳውን ከሾናም ከሻንጋኒም ለይቶ በስሙ አስፍሮታል። ስለዚህ ሚዛን፣ በወረቀት ላይ ክርክሩ ከ1931 በኋላ 82 ዓመት ቆይቶ ተፈትቷል።

—

ጽጌ ማርያም ጻፈ፦

እኔ ደግሞ ንዳውን ያወቅሁት ማንም በማይጠብቅበት ቦታ ነው። ባለቤቴ ሻይ ሻይ በተባለችው የጋዛ ክፍለ ሀገር ከተማ ሲሠራ አራት ዓመት ኖረናል። እዚያ ሕዝቡ ቻንጋና ነው የሚናገረው። ጎረቤታችን የታወቁ መድኃኒተኛ ነበሩ፤ መንፈስ የሚወርድባቸው። አንድ ማታ ከበሮው ሲመታ ከሌሎች ሴቶች ጋር ገብቼ ተቀመጥሁ። መንፈሱ ሲይዛቸው ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሚናገሩትም ተለወጠ። አጠገቤ ያለችውን ሴት «ምን አሉ?» ብላት «እኔም አልሰማሁም፤ ንዳው ነው የሚናገሩት» አለችኝ። አንድ ረዳት ቁጭ ብሎ ወደ ቻንጋና ይተረጉምላቸው ነበር። መድኃኒተኛዋ በዘመናቸው ንዳው ምድር ሄደው አያውቁም።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝና ወዲያው የታየኝ ዛር ነው። ዛሩ የራሱ አነጋገር አለው፣ የራሱ ፈቃድ አለው፣ የሚያስተረጉምለት ሰው አለው። በሻይ ሻይ ግን መንፈሱ የሚናገረው እውነተኛ ሕዝብ የሚናገረውን ቋንቋ መሆኑ ገረመኝ። ጠይቄ ጠይቄ የተረዳሁት ይህንን ነው። ንጉንጉንያኔ በ1889 ሙሱሪዜን ትቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማንድላካዚ ሲሄድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንዳዎችን እየነዳ ወሰደ። ብዙዎቹ ከሀገራቸው ርቀው ሞቱ፤ በአግባቡም አልተቀበሩም። የንዳው ሰው ደግሞ ከሞት በኋላ ተነሥቶ የበደለውን የሚከታተል መድኃኒት አለው ተብሎ ይታመናል። «ምፉክዋ» ይሉታል፤ የሚነሣው እንደማለት። ስለዚህ የገዳዮቻቸው የልጅ ልጆች ዛሬም የንዳው መንፈስ ይወርድባቸዋል፤ መንፈሱም ሲመጣ በገዛ ቋንቋው ነው የሚናገረው። ንዳዎቹን የወሰደው ቤተሰብ ካሳውን የሚከፍለው ያንን ቋንቋ በአፉ በማስተናገድ ነው።

በቺፒንጌ የልጅ ደብተር ላይ የሚሰረዝ ቋንቋ፣ በጋዛ ትልልቆቹ ሰዎች ቆመው የሚሰሙት ቋንቋ ነው። የመንገደኛውን ጽሑፍ ካነበብሁ ጀምሮ ይህንን እያሰብሁ ነው።

—

ሚዛን ጻፈ፦

ጽጌ ማርያም፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም ነበር። አስተያየቴን ለመለወጥ የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ ግን ስለ መጽሐፍ ማሳተሚያ ወጪ ብቻ ማውራቴ ትክክል እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ሆኖም አንድ የቀረ ነገር አለ። ንዳው ፖለቲካም አለበት። በሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ንዳው «የሬናሞ ቋንቋ»፣ መንግሥትን ይወጋ የነበረው የአማፂ ቡድን ቋንቋ፣ ይባል እንደነበር አንብቤአለሁ። የሬናሞ መሪ የነበሩት አፎንሶ ዱላካማ በ1953 የተወለዱት በቺባባቫ፣ ማንጉንዴ ውስጥ ነው። ያ ጦርነት እጅግ አሰቃቂ ነበር። ቋንቋው ከዚያ ታሪክ ጋር መያያዙስ?

—

መንገደኛው ጻፈ፦

ሚዛን፣ ይህን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ስንገፋው የቆየነው ነገር ነው። የቡዚው ጓደኛዬ በልጅነቱ ማፑቶ ሲሄድ አፉን ከፍቶ እንዳይናገር እናቱ ታስጠነቅቀው እንደነበር ነግሮኛል። ንዳው ሲናገር የሰማው ሁሉ ሽፍታ ነው ብሎ ያስባል። ሬናሞ በመጀመሪያ ተዋጊዎቹን ያሰባሰበው ከመካከለኛው ሞዛምቢክ ስለነበር የአዛዦቹ መግባቢያ ንዳው ሆነ። ጦርነቱ በ1992 በሮም ስምምነት ሲቆም ስሙ ቋንቋው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ግን ለነፃነት የታገለው የፍሬሊሞ ግንባር ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሪያ ሲማንጎም ንዳው ናቸው። ለነፃነት የታገለውም፣ ኋላ የሸፈተውም፣ ከሁለቱም ሸሽቶ ጫካ ያደረው ገበሬም የተናገረው ያንኑ ቋንቋ ነው።

በዚምባብዌም ተመሳሳይ ነው። በ1963 ዛኑ የተባለው የነፃነት ትግል ፓርቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ንዳባኒንጊ ሲቶሌ ከፓርቲው አመራር ከወጡ በኋላ የቺፒንጌ ሕዝብ አልተዋቸውም፤ በ1985 ምርጫ የራሳቸው ሌላ ፓርቲ ያገኘችው አንዲት የፓርላማ ወንበር ከዚያ ነበረች። በሁለቱም ሀገሮች ንዳው ማለት ከመንግሥት ጋር የማይስማማ ሰው ማለት ሆኖ ቆየ። የቺፒንጌው ልጅ «ሾና» ብሎ የመለሰልኝ ከትምህርት ቤቱ ቀይ ቀለም ብቻ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል።

—

ብራና ጻፈ፦

ከመለያየታችን በፊት አንድ ሰው ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። ካምባ ሲማንጎ። በማቻንጋ ባሕር ዳር ተወልዶ፣ በማውንት ሰሊንዳ ሚስዮን ተምሮ፣ አሜሪካኖቹ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ሃምፕተን ተቋም ላኩት። ከዚያም ኒው ዮርክ ሲገባ ከታላቁ የሥነ ሰብዕ ሊቅ ከፍራንዝ ቦዋስ ጋር ተገናኘ። በ1922 ሁለቱ አብረው የቫንዳውን ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሳተሙ። ልብ በሉ፤ ስሙ ከቦዋስ ጋር በደራሲነት ነው የተጻፈው። በዚያ ዘመን ለአፍሪካዊ «መረጃ ሰጪ» ከመባል ያለፈ ቦታ ማግኘት ብርቅ ነበር። ናታሊ ከርቲስ የተባለችው የሙዚቃ ሰብሳቢም በ1920 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የንዳውን ዘፈኖች የዘፈነላት እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ዶክ ከመምጣቱ ወደ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ዶክ ዘገባውን ሲጽፍ ንዳው በኒው ዮርክ የታተመ ጽሑፍ ነበረው፤ ሚስዮኑም በማውንት ሰሊንዳ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምርበት ቆይቷል። ባዶ ቦታ ላይ አልነበረም የተወሰነበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

—

አዲስ አንባቢ ጻፈ፦

አሁን በትምህርት ቤት ይሰጣል ወይ?

—

የልሳን መምህር ጻፈ፦

በሞዛምቢክ አዎን። በኢድዋርዱ ሞንድላኔ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኔሊሞ የተባለው የቋንቋ ጥናት ክፍል በ1988 ለሀገሪቱ ቋንቋዎች የጋራ የአጻጻፍ ሥርዓት ለማበጀት ሊቃውንትን ሰበሰበ፤ ንዳውም ከእነርሱ አንዱ ነው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በአንዳንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአፍ መፍቻቸው ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ፖርቱጋልኛ የሚሻገሩበት ትምህርት አለ። በዚምባብዌ ሕገ መንግሥቱ በሩን ከፍቷል፤ መምህርና መጽሐፍ ማዘጋጀት ግን ሌላ ድካም ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ሞዛምቢኮቹ የ«ች»ን ድምፅ በአንድ የላቲን ፊደል ይጽፉታል፤ ዚምባብዌዎቹ በሁለት። ስለዚህ የቋንቋው ስም ራሱ በድንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ይጻፋል። ሕፃናቱ በየሀገራቸው ሥርዓት ተምረው ሲያድጉ የአንዷ አያት ቃል በሁለት መጽሐፍ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ዛሬ ላይ ተነጋግሮ ማስማማት ይቻላል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግን እያንዳንዱ ወገን የለመደውን ነው የሚከላከለው።

መንገደኛው፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የእነዚያ ሁለት ልጆች ስልክ አለህ ወይ? ጥቂት ቃላት ልስጥህ፤ ጨረቃ፣ ውሻ፣ ማየት፣ መሄድ፣ «አላውቅም» የሚለውን፣ «ትናንት» እና «ከትናንት ወዲያ» የሚሉትን። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በድምፅ ይቅዱት። የቺፒንጌው ከደጋ ነው፤ የቡዚው ግን ሻንጋ ወይም ዳንዳ ሊሆን ይችላል፤ የመንደሩን ስም ከጠየቅኸው ይለያል። አብረው ሳሉ አታስቀዳቸው፤ አንዱ ሌላውን ይከተላል።

—

መንገደኛው ጻፈ፦

የሁለቱም አለኝ፤ አሁንም በየበዓሉ እንደዋወላለን። የቺፒንጌው ወደ ሀገሩ ተመልሷል፤ ሴት ልጅ ወልዶ በአያቱ ስም ሰይሟታል። ዝርዝሩን ዛሬ ማታ እልክላቸዋለሁ።

—

ጽጌ ማርያም ጻፈ፦

«መነሣት» የሚለውንም ጨምርበት። የእንቅልፉንም፣ የሙታኑንም።